የስኩባ ዕቃን ከጨውና ከዝገት ማዳን፦ ከባሕር እንደወጣችሁ የሚጀምር ሥራ

የስኩባ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ የመጥለቅ) ዕቃ ባሕር ውስጥ እያለ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ከወጣ በኋላ ነው። እርጥብ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ፀሐይ ላይ በዋለ መኪና ውስጥ፣ ወይም «ነገ አጥበዋለሁ» ተብሎ በረንዳ ላይ አድሮ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የባሕር ውኃ ሲተን ጨዉ ይቀራል። የቀረው ጨው ጥቃቅን ስለታም ጠጠር ይሆንና በአዝራር ሥር፣ በዚፕ ጥርስ መሃል፣ በኦ-ሪንግ (ውኃና አየር የሚያሽግ የጎማ ቀለበት) ዙሪያ ይቀመጣል። አዝራሩን በተጫናችሁ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ጎማውን ይፍቀዋል። በዚህም አያበቃም። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ «ደርቋል» ያላችሁት ብረት ሌሊቱን በሙሉ በስስ የጨው ውኃ ተሸፍኖ ያድራል። እናንተ ትተኛላችሁ፣ ዝገቱ ግን ሥራ ላይ ነው።

ኤላት ወይም ዱባይ ለሚጠልቅ ሰው ነገሩ ትንሽ ይብሳል። የውቅያኖስ ውኃ በአማካይ በአንድ ኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። የኤላት ቀይ ባሕርና የዱባይ ባሕረ ሰላጤ ግን 40 ግራም ገደማ ይደርሳሉ። ሙቀቱ ደግሞ ውኃውን ቶሎ ያተነዋል። ከጀልባው እስከ መኪናው ስትሄዱ ብቻ ዌትሱታችሁ (የመጥለቂያ ልብሳችሁ) ላይ ነጭ ጨው ሊታይ ይችላል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ያዙ፦ ጨዉ ሳይደርቅ እጠቡ፣ የታጠበው ሳይደርቅ አትክተቱ። የቀረው ዝርዝር ነው።

ቀለሙን ማንበብ

ከማጠቡ በፊት የምታዩትን ነገር ማወቅ ጥሩ ነው። አብዛኛው ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር የምትተነፍሱበት መሣሪያ) ክሮም የተቀባ ናስ ነው። ክሮሙ ሲቧጨር ናሱ ይጋለጥና አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነገር ያወጣል። አሉሚኒየም ሲበላሽ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ብረት ያው እንደምናውቀው ይቀላል።

ስቴይንለስ ስቲልም ይዝጋል። ላዩን የሚጠብቀው ስስ ሽፋን እንዲኖር ኦክስጅን ያስፈልገዋል። በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ፣ በብሎን ሥር፣ ወይም በቀበቶ ማሰሪያ ስር ኦክስጅኑ ያልቅና ጨዉ ሽፋኑን ይሰብረዋል። ስለዚህ ዝገት ስትፈልጉ የሚያብረቀርቀውን ፊት አትዩ። መጋጠሚያውን እዩ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውኃ ውስጥ ከተነካኩ በመካከላቸው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፣ ደካማውም ይበላል። የአሉሚኒየም ሲሊንደር አንገት ላይ የናስ ቫልቭ ሲገባ የሚሆነው ይኸው ነው። የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው።

ዳርቻው ላይ ወይም ጀልባው ላይ

ከቤት ስትወጡ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ውኃ፣ ሰፋ ያለ ሳፋ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ደረቅ ፎጣና ሸራ ያዙ። ሸራው ዕቃው አሸዋ ላይ እንዳይቀመጥ ነው። አሸዋ የገባበት ሰከንድ ስቴጅ (አፍ ላይ የሚያዘው የሬጉሌተር ክፍል) ከጨው በላይ ያበሳጫል።

ከውኃ እንደወጣችሁ ሬጉሌተሩን ለመፍታት አትቸኩሉ። ሲሊንደሩ ላይ እንዳለ፣ ቫልቩም እንደተከፈተ፣ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት። ውስጡ ግፊት ስላለ ውኃ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። ፐርጁን (ሰከንድ ስቴጁ ፊት ላይ ያለውን የአየር መልቀቂያ ቁልፍ) ደጋግማችሁ ብትጫኑም ችግር የለውም። ሬጉሌተርን ለማጠብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ከዚያ ቫልቩን ዝጉ፣ ግፊቱን በፐርጁ አውጡ፣ ፍቱት። አሁን በጣም ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ሬጉሌተር ያበላሸች ነገር መጣች፦ የአቧራ ክዳኗ። ፈርስት ስቴጁን (ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመውን የሬጉሌተር ክፍል) የምትሸፍነው ክዳን ውስጥ ሁልጊዜ ጠብታ ውኃ አለ። ሳታደርቁ ከገጠማችኋት ያንን ጠብታ በቀጥታ ማጣሪያው ላይ አሸጋችሁት ማለት ነው። ብዙ ሰው በሲሊንደር አየር ፊው አድርጎ ያደርቃታል። እኔ አልመክርም። ጆሮ ያደነቁራል፣ ውኃውንም ወደ ማጣሪያው ሊገፋው ይችላል። በፎጣ ጥረጉና ግጠሙ። ይኸው ነው።

ዳይቭ ሴንተሮች የሚያስቀምጡት የጋራ ማጠቢያ ገንዳ ከምንም ይሻላል፣ ግን አትመኑት። ጠዋት ንጹሕ የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ባሕር ይሆናል። እዚያ የነከራችሁትን ቤት ስትደርሱ እንደገና እጠቡ።

ውኃ ሲያጥር

ጅቡቲ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ክፍል በደንብ ያንብቡ። አዲስ አበባም ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው እንደዚያው።

ብዙዎቻችን ያለንን ውኃ በሙሉ አንድ በርሜል ውስጥ እንሞላና ዕቃውን እንዘፈዝፋለን። ይህ ውኃ ማባከን ነው። ስሌቱን እዩት። ዕቃችሁ ላይ አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ተንጠልጥሎ መጣ እንበል፣ 40 ግራም ጨው ያለው። በ20 ሊትር አንዴ ብታጥቡት በመጨረሻ ዕቃው ላይ የሚቀረው ውኃ በሊትር 1.9 ግራም ገደማ ጨው ይኖረዋል። ያንኑ 20 ሊትር ለሁለት ከፍላችሁ በ10 ሊትር አጥባችሁ፣ ያንን ደፍታችሁ፣ በሁለተኛው 10 ሊትር ብትደግሙት ግን የሚቀረው 0.33 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በዚያው ውኃ ወደ ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ንጽሕና አገኛችሁ። በመሃል ዕቃውን በደንብ ማንጠፍጠፍ ደግሞ ከዚህም በላይ ይረዳል።

ተራውም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሬጉሌተርና የመጥለቂያ ኮምፒውተር። ከዚያ ማስክና መብራት። ከዚያ ጃኬት (አየር የሚነፋበት መንሳፈፊያ)። ዌትሱት ቀጥሎ፣ ጫማ በመጨረሻ። ጫማ መጀመሪያ ከገባ የሚቀጥለው ሁሉ በጭቃና በአሸዋ ይታጠባል።

ቤት ስትደርሱ፦ ሬጉሌተር

ለብ ያለ ውኃ ሳፋ ውስጥ ሙሉ። ሞቃት አይሁን፣ ጎማው አይወደውም። የአቧራ ክዳኗ ጥብቅ ብላ መገጠሟን አረጋግጡና ዝፈቁት። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ለብ ያለው ውኃ ከቀዝቃዛው ይልቅ የደረቀውን ጨው በቶሎ ያሟሟል።

አሁን ግፊት የለውም፣ ስለዚህ ፐርጁን አትንኩ። ግፊት ሳይኖር ፐርጁን ከተጫናችሁ ቫልቩ ይከፈትና ውኃ በቱቦው ሄዶ ፈርስት ስቴጁ ድረስ ይገባል። ከዚያ በኋላ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፣ ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይም። ልጆች አጠገብ ካሉ ራቅ አድርጉት። ያ ቁልፍ ለልጅ እጅ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ከነከራችሁ በኋላ በቀስታ የሚወርድ የቧንቧ ውኃ በአፍ መያዣው በኩል አሳልፉ፣ ታች ባለው የትንፋሽ መውጫ ይውጣ። ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን የጎማ መከላከያዎች ወደኋላ ሳቡ። እውነተኛው ችግር የሚደበቀው እዚያ ሥር ነው። ጨው ካለ በብሩሽ አጽዱ። ቱቦው ላይ ትንሽ ስንጥቅ ወይም ያበጠ ቦታ ካያችሁ ይቀየር። ቱቦ በፕላስተር አይጠገንም።

የአፍ መያዣውን በጣት ወጠር አድርጋችሁ እዩት። ጥርስ የነከሰው ቦታ የተቀደደ ከሆነ ቀይሩት፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ የሚታሰር ርካሽ ነገር ነው። ማሰሪያው ራሱ መኖሩንም እዩ። ማሰሪያው የተበጠሰበት ሬጉሌተር ከታች ሆናችሁ አፋችሁ ውስጥ ጎማውን ብቻ ትቶ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ማጣሪያውን እዩ። ፈርስት ስቴጁ መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ማጣሪያ ብዙ ትናገራለች። አረንጓዴ ከሆነች የጨው ውኃ ገብቷል። ቀይ ቡናማ ከሆነች የምትጠቀሙበት የብረት ሲሊንደር ውስጡ ዝጓል። ጥቁር ከሆነች አየሩን የሞላላችሁ ኮምፕረሰር ማጣሪያ ጥርጣሬ ውስጥ ነው። በሦስቱም ሬጉሌተሩ ወደ ባለሙያ ይሂድ። በመጨረሻው ደግሞ አየር የምትሞሉበትን ቦታ ቀይሩ።

ጃኬቱ (ቢሲዲው)

ሰው ጃኬቱን ላዩን ያጥብና «አለቀ» ይላል። ውስጡ ግን በጠለቃችሁ ቁጥር የባሕር ውኃ ይጠጣል። አየር ባወጣችሁ ቁጥር ትንሽ ውኃ ይገባል። ውኃው ሲደርቅ ጨዉ ከረጢቱ ውስጥ ጠጥሮ ይቀራል፣ ሻጋታም ይጨመርበታል።

ስለዚህ ውስጡን እጠቡ። የመንፊያውን ቱቦ ከፍ አድርጋችሁ፣ የእጅ መልቀቂያውን ተጭናችሁ፣ ሁለት ሦስት ሊትር ንጹሕ ውኃ በአፍ መንፊያው በኩል አፍስሱ። በአፋችሁ ንፉት። ገለባብጡት፣ ናጡት። ከዚያ አንዴ በመንፊያው ቱቦ፣ አንዴ በትከሻው ቫልቭ፣ አንዴ በታችኛው ቫልቭ በኩል አውጡት። በእያንዳንዱ መውጫ ማውጣታችሁ ቫልቮቹንም ያጥባል። የሚወጣውን ውኃ ቅመሱት ብዬ ብመክር የሚጠላ ይኖራል፣ ግን ጨዉ መውጣቱን ለማወቅ ምላስ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል። ሻጋታ ከሸተታችሁ ግን አትሞክሩት።

የመንፊያ ቁልፉን በተለይ ተጠንቀቁለት። በጨው የተያዘ ቁልፍ ተጭናችሁ ስትለቁት ላይመለስ ይችላል። ያ ማለት ጃኬቱ ራሱን እየነፋ ወደላይ ይዟችሁ ይሄዳል፣ ይህም የሳንባና የደም ሥር አደጋ ነው። ቁልፉን ውኃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተጫኑት፣ ዙሪያውን በብሩሽ አጽዱ። ወደ ላይ ተመልሶ ካልዘለለ በዚያ ጃኬት አትጥለቁ። ውኃ ውስጥ ቢይዛችሁ ደግሞ አየር የሚያመጣውን ቱቦ ከመንፊያው ወዲያው ነቅላችሁ ጃኬቱን አስተንፍሱ። ጨው የያዘው ማገናኛ ያንን ጊዜ አልላቀቅም እንዳይል እሱንም በየጊዜው አገናኙ፣ ንቀሉ፣ እጠቡ።

ሲያልቅ በግማሽ ተነፍቶ ጥላ ሥር ይሰቀል። ግድግዳዎቹ እንዳይጣበቁ ነው። ጠዋት ላይ ረግቦ ካገኛችሁት ቀዳዳ አለ። ሳሙና የተቀላቀለበት ውኃ በስፖንጅ ቀቡት፣ አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው።

የቀሩት ዕቃዎች

ዌትሱትን ገልብጡና እጠቡ። ላብና ሽንት የሚኖረው በውስጥ በኩል ነው። አትፈሩ፣ ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ ማንም አይናገርም። ለስላሳ የፀጉር ሻምፑ ወይም የዌትሱት ሳሙና ይበቃል። በረኪና፣ ማጠቢያ ማሽንና ማድረቂያ ማሽን ክልክል ነው። ስቀሉት በወፍራም መስቀያ። ቀጭን ሽቦ ትከሻውን ይጎዳዋል። ዚፑን በብሩሽ አጽዱና ሰም ወይም የዚፕ ቅባት ቀቡት። በጨው ከተያዘ፣ አትታገሉት፣ ነጭ አቼቶ በውኃ አቅጥናችሁ ጥርሱ ላይ ብቻ ቀቡ፣ ጥቂት ቆይቶ በደንብ ይታጠብ።

ማስክ በላርጎና በብሩሽ ይታጠባል። ንጹሕ ነጭ ሲሊኮን ማስክ ከጥቁር ጎማ ጋር አንድ ሻንጣ ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ይጠቁራል። ለብቻው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ፊን (የእግር መቅዘፊያ) በጫፉ ቆሞ አይቀመጥ፣ ይጣመማል። ቢላ ካላችሁ ከአፎቱ አውጥታችሁ አድርቁ። ስቴይንለስ ቢላ የሚዝገው ባሕር ውስጥ ሳይሆን አፎቱ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር ላይ አንዳንዱ ውኃ ሲነካው ራሱ የሚበራ አለ። ከታጠበ በኋላ አድርቁት፣ ካልሆነ እርጥበቱ ባትሪ ይበላል። የመብራትን ባትሪ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡ አውጡ። አንድ የፈሰሰ ባትሪ ጥሩ መብራት ይገድላል።

ሐይቅ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው ከጨው ያመልጣል፣ ከማጠብ ግን አያመልጥም። ላንጋኖ ውኃው ቡናማ የሆነው በተንሳፋፊ ደለል ነው። ደለሉ ቁልፍና ዚፕ ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል።

ሲሊንደር

የራሳችሁ ሲሊንደር ካላችሁ ታች ያለውን የፕላስቲክ ጫማ አውልቃችሁ እጠቡ። እዚያ ውስጥ የተያዘ የጨው ውኃ የብረት ሲሊንደርን ከታች ይበላዋል። ቫልቩን ብዙ ኃይል ሰጥታችሁ አትዝጉ። ውስጥ ያለው ማሸጊያ ለስላሳ ነው።

ባዶ አድርጋችሁ ቫልቩን ከፍታችሁ አትተዉት። እርጥብ አየር ይገባል። 20 ወይም 30 ባር ግፊት ያለው አየር ይቀመጥበት። ለወራት የቆመን የብረት ሲሊንደር አየር ግን ሳታወጡ አትተንፍሱት። ውስጡ ዝገት ካለ ዝገቱ ኦክስጅኑን ስለሚበላው አየሩ ለመተንፈስ ብቁ ላይሆን ይችላል። አውጡት፣ አዲስ አየር ሙሉበት።

አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች በየ5 ዓመቱ የውኃ ግፊት ፈተና ግዴታ ነው፣ ውስጡን በዓይን ማየት ደግሞ በየዓመቱ ይለመዳል። እንግሊዝ የዓይኑ ምርመራ በየ2 ዓመት ተኩል ነው። ያላችሁበትን አገር ሕግ ከሚሞላላችሁ ዳይቭ ሴንተር ጠይቁ። ሁለተኛ እጅ የአሉሚኒየም ሲሊንደር የምትገዙ ከሆነ የተሠራበትን ዓመት አንብቡ። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብዙዎቹ 6351 ከሚባል ቅይጥ የተሠሩ ነበሩ፣ እነዚያ አንገታቸው ላይ የመሰንጠቅ ችግር አለባቸው። ብዙ ቦታ አይሞሉላችሁም። ርካሽ የሆነው ለዚያ ነው።

ቅባት፣ በመጠኑ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኦ-ሪንግ የሚቀባው በሲሊኮን ቅባት ነው፣ ለዚያውም በስሱ። ጣት ላይ ትንሽ አድርጋችሁ ጎማው እስኪያብለጨልጭ ብቻ። ብዙ ከሆነ አሸዋና ፀጉር ይሰበስባል። ኦ-ሪንግን በመርፌ አታውጡ፣ የተጫረ ቦታ ውኃ ያስገባል። ጫፉ ደነዝ ያለ የፕላስቲክ ነገር ይሻላል።

ቫዝሊን አይሆንም። የነዳጅ ውጤት ስለሆነ አንዳንድ ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ዝገት ማስለቀቂያ ርጭቶችም ሬጉሌተር አጠገብ አይድረሱ፣ የምትተነፍሱት በዚያ ነው። የሲሊኮን ቅባቱ ራሱ ሲሊኮን ጎማ ላይ አይቀባም። ኦክስጅኑ ከ40 በመቶ በላይ የሆነ ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ተራ ቅባት ሁሉ የእሳት አደጋ ነው፣ ለኦክስጅን የተሠራ ልዩ ቅባት አለ። ያ ሥራ ለባለሙያ ይተው።

ማድረቅና ማስቀመጥ

ሁሉም በጥላ ይደርቅ፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ። ፀሐይ ቶሎ ያደርቃል፣ ግን ጎማንና ኒዮፕሪንን (ዌትሱት የሚሠራበትን ጨርቅ) ከማድረቅ አልፎ ይሰባብራል። ዕቃችሁን ለበዓል አዲስ አበባ ይዛችሁ ከመጣችሁ አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱ አያዘናጋችሁ። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አልትራቫዮሌቱ ከባሕር ዳር ይበረታል።

የሬጉሌተሩን ቱቦዎች ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልሉ። በፈርስት ስቴጁ አንጠልጥላችሁ ቱቦው እንዲታጠፍ አታድርጉ። ኤሌክትሪክ ሞተር ካለበት ክፍል አርቁ፣ ሞተር የሚያወጣው ኦዞን ጎማ ይበላል። የአፍ መያዣውን የሚዘጋ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። በረሮ ሰከንድ ስቴጅ ውስጥ መግባት ይወዳል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚተነፍሰው ሰው እናንተ ናችሁ።

ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት

ሁለት ፍተሻ እቤት ይሠራል። አንደኛው ሲሊንደር አይፈልግም፦ ክዳኗ እንደተገጠመች በሬጉሌተሩ ለመሳብ ሞክሩ። አየር መምጣት የለበትም። ከመጣ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፣ ውኃም በዚያው ይገባል። ሁለተኛው፦ ሲሊንደር ላይ ገጥማችሁ ክፈቱ፣ የግፊት መለኪያውን አንብቡ፣ ዝጉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ከወረደ የሚያፈስ አለ። መገጣጠሚያዎቹን ሳፋ ውስጥ አጥልቁ፣ አረፋው ያሳያችኋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሬጉሌተሩን ራሳችሁ አትፍቱት። ብዙ አምራቾች በዓመት አንዴ ምርመራ ይጠይቃሉ፣ ሙሉ ሰርቪስ ደግሞ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት፣ እንደ ሞዴሉ። መመሪያ ወረቀቱን እዩ። ቀጠሮውን ከሌሎች ጋር ከመጋፋት በፊት፣ ከጉዞው ወራት ቀድማችሁ ያዙ። ከሰርቪስ የወጣ ሬጉሌተር አዳዲስ ክፍሎቹ እስኪላመዱ ማስተካከያው ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በመዋኛ ገንዳ ወይም ጥልቀት በሌለው ውኃ ሞክሩት። ሳይጫኑት አየር ቢያፈስ ወይም ለመሳብ ቢከብድ መልሱላቸውና ያስተካክሉት፣ ከዚያ ወደ ጥልቁ ይዛችሁት ውረዱ።